ሐሙስ ከሰዓት በክትባት ክፍል

የደከመ የጤና ባለሙያ ስለ ድካሙ አያወራም። ስለ ታክሲ ያወራል፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተረኛ ፕሮግራም፣ ስለ አለቃ ያወራል። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፦ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን።" ነርስ ስለሆንኩ ይህን መልስ ስሰጥም ስቀበልም ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ከዚህ መልስ ጀርባ ያለውን ነገር እንድንነካው ስለረዳን ነገር ነው። ስለ ሥዕል።

ጤና ጣቢያችን ከአያት አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየም ከኮንዶሚኒየም በተደረደረበት የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። በአገራችን ደረጃ አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ የሚታሰበው ለ40,000 ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ግን ደረጃ አይጠብቅም። የአንድ ሳይት ቁልፍ ሲሰጥ ሰፈሩ በጥቂት ወራት ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ በአብዛኛው በወጣት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሥራችን እርግዝና፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የሕፃናት ትኩሳትና ተቅማጥ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ግቢውን አልፎ በር ይደርሳል።

ሠራተኛው ራሱ ብዙውን ጊዜ የዚህ ሰፈር ነዋሪ አይደለም። አንዱ ከአቃቂ ይመጣል፣ ሌላዋ ከቡራዩ። ከሌሊት ተረኝነት የወጣች ነርስ ቤቷ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ቤት ስትደርስ ልጅ ይጠብቃታል፣ ልብስ ይጠብቃታል። እንቅልፉ በመጨረሻ ነው።

እንቅልፍ ብቻውንም አይበቃም። በርንአውት የሚባለው የሥራ ዝለት ተኝተው ሲነሱም አብሮ ይነሳል። ስለ እሱ መጀመሪያ ከጻፉት አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው ስለ ባንክ ወይም ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ አልነበረም። ኒውዮርክ ውስጥ በነጻ በሚያክም ክሊኒክ ስለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይሠራ ነበር። ነገሩ ከመጀመሪያውም የእኛ የሕክምና ሰዎች ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሪስቲና ማስላክ እና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አወጡለት። የሚለካው ሦስት ነገር ነው። ውስጥን ባዶ የሚያደርግ ድካም፣ ታካሚን እንደ ሰው አለማየት፣ እና "የምሠራው ምንም አይለውጥም" የሚል ስሜት። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። "አልጋ 3 ምጧ ፋፍሟል።" "ያቺ የ4ቷ ደግሞ ጮኸች።" ስሟ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም። ይህ ክፋት አይደለም። ሁሉንም በስሟ ከያዝሽ ሁሉንም ይዘሽ ወደ ቤት ትሄጃለሽ። ራሳችንን ለመጠበቅ ያጠርነው አጥር ነው። ግን አጥሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ አይቀርም። ቤትም ይገባል። ልጅሽ ጉልበቷ ተልጦ እያለቀሰች ስትመጣ "ይሄማ ምንም አይደል" ብለሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። እኛ ቤት ይህ ሆኗል። ብዙ ባልደረቦቼ ቤትም እንደሆነ ነግረውኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያስገባው በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ይህን አስምሩበት። ምንጩ የሥራ ቦታው ከሆነ፣ መፍትሔውም ከሥራ ቦታው መጀመር አለበት። ሠራተኛዋን "ጠንክሪ" ማለት መፍትሔ አይደለም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከእኛ ብዙም የማይርቀው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የሕክምናው ማዕከል ሆነ። እዚያ የገቡ ባለሙያዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው ከረሙ። ያኔ ጀግኖች ተባልን፣ ተጨበጨበልን። ጭብጨባው ሲቆም ግን "ያ ጊዜ እንዴት አለፈ?" ብሎ ቁጭ አድርጎ የጠየቀን የለም። ብዙዎቻችን ያንን ዘመን ሳንዘጋው ነው ወደ ቀጣዩ የሄድነው።

የሥዕሉ ሐሳብ የመጣው ለሌላ ሥልጠና ከመጣች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሥልጠናው ላይ ግማሹ ሰው ሲያንቀላፋ አይታ አልተቆጣችም። "ስትደክሙ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላ ጠየቀች። አንዷ "ዳንቴል" አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ አንድ የሥዕል መምህር ይዛ ሐሙስ ከሰዓት ከ8፡30 ጀምሮ ትመጣ ጀመር። ቦታው የክትባት ክፍል ነው፤ ከሰዓት ባዶ ስለሚሆን። የክትባት ፍሪጁ ጥግ ላይ እያጉረመረመ፣ ሕፃናት በሚመዘኑበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና ከለር ይዘረጋል። ብሩሽ፣ ውሃ ቀለም፣ ክሬየን፣ አንዳንዴ ሸክላ አፈር። ወረቀት ሲያልቅ የመድኃኒት ካርቶን ይቀደዳል።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ የለም። ማሞገስም የለም። ፎቶ አይነሳም። አለቃ መግባት ከፈለገ ቁጭ ብሎ ይስላል፤ ቆሞ መጎብኘት አይቻልም። ሥዕሉ የሳለው ሰው ንብረት ነው፤ ቢቀደውም መብቱ ነው። ማሞገስ የተከለከለው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። አንዱን "ወይ ማማሩ!" ስትይው፣ ጎኑ ያለው ወረቀቱን በክንዱ ይሸፍናል።

ከገባው ሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ "እኔ ሥዕል አልችልም።" አብዛኞቻችን ለመጨረሻ ጊዜ የሳልነው አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን፣ ለማርክ ነው። ቤት፣ ዛፍ፣ ባንዲራ። ስለዚህ መምህሩ በሥዕል አልጀመረም። "ወረቀቱ ላይ ዝም ብላችሁ መስመር አድርጉ፤ እጃችሁ ወደሄደበት" አለ። አንድ ጤና መኮንን ለረጅም ጊዜ ክሬየኑን እንደ መርፌ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወረቀቱን በጥቁር መሙላት ጀመረ። ሲጨርስ ከደቂቃዎች በፊት የነበረው ትከሻው አልነበረም፤ ወርዷል። ምንም አላለም። ማንም አልጠየቀውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ቀድሞ መጥቶ ጠበቀ።

አሁን ስለ ፔርሙዙ ልንገራችሁ። ይህን እንድጽፍ የታሪኩ ባለቤት ፈቅዳልኛለች፤ የሚያሳውቃትን ነገር ቀይሬያለሁ።

አንዲት አዋላጅ ነርስ አለች። እጇ ወርቅ ነው የሚባልላት። አንድ ቀን አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም መፍሰሱ አልቆም አለ። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ በእጅ መጫን። አምቡላንስ ተጠራ። ሪፈር ተጻፈ። አምቡላንሱ ሲደርስ እናትየው አልፋ ነበር። ሕፃኑ ተርፏል። ይህች አዋላጅ ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትታጠብ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ እናት "ሲስተር፣ ድረሽልኝ!" ብላ ጮኸች። ሄደች። አዋለደች። ጤናማ ልጅ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ"፣ እልልታ። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ።

ያለቀሰችበት ጊዜ የለም። መቼ ታልቅስ?

ሐሙስ ላይ የቀረበው ጥያቄ "ከሥራ ወደ ቤት ይዛችሁት የምትሄዱትን ዕቃ ሳሉ" የሚል ነበር። እሷ ፔርሙዝ ሳለች። ቀይ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት፣ እያንዳንዱ ቤት ያለ ዓይነት ፔርሙዝ። በጣም ቀስ ብላ ነው የሳለችው፤ አበባውን ቅጠል በቅጠል። ሲጠናቀቅ ማውራት የፈለገ ያውራ ሲባል እሷ ጀመረች። የእናትየው ባል አጥሚት ይዞ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ገና አልተነገረውም። ኮሪደሩ ላይ አግኝቷት "ሲስተር፣ ትኩስ ነው፣ ቶሎ ስጪልኝ" ብሎ ፔርሙዙን በእጇ አስያዛት። ተቀበለችው። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ማታ እዚያው ነበር። ማን እንደወሰደው አታውቅም።

ከእኛ ውስጥ ያንን ፔርሙዝ ያላየ አልነበረም። ካርድ ክፍል የምትሠራው "እኔም አይቼዋለሁ፤ ለማንሳት ፈርቼ ነው" አለች። የላቦራቶሪው ልጅ በአጠገቡ ላለማለፍ በውጭ በኩል ዞሮ እንደነበር ተናገረ። አዋላጇ ብቻዋን የተሸከመችው የመሰላት ነገር የሁላችንም ነበር። ያን ቀን አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ለቅሶ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ድንኳን ጥለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ቀናት ተቀምጠን የምናለቅስ። ለታካሚያችን የምናለቅስበት ቦታ ግን አልነበረንም።

እኔ ሥዕሉ ሠራ የምለው በዚህ ነው። "ስለ ሞተችው እናት ንገሪን" ብትባል ኖሮ ሪፖርት ነበር የምታቀርበው፤ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ሰዓት። ሪፖርት ማቅረብ ለምደናል። እጅ ግን ሪፖርት አያውቅም። ፔርሙዙን ያመጣው እጇ ነው።

በሥዕልና በእጅ ሥራ የሚሰጠው ሕክምና፣ የአርት ቴራፒ ታሪክም ከሕሙማን አልጋ ነው የተነሳው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል እ.ኤ.አ. በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳናቶሪየም ገባ። አልጋው ላይ ሆኖ በአጠገቡ ያለውን ነገር ይስል ጀመር። ሲያገግም ሌሎች ሕሙማንና ከጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች ሥዕል እንዲስሉ ማድረግ ቀጠለ። አርት ቴራፒ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 የሰጠው እሱ ነው። ይህን ሳነብ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ትዝ አለኝ። ለስንት ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ወራት የሚተኙበት ቤት ነበር። እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ የሳለ፣ የጠለፈ፣ የሰፋ ሰው ስንት ይሆን?

ምክንያቱም እጅን በማሠራት ውስጥን ማሳረፍ ለእኛ አዲስ አይደለም። አለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሴቶች የጠለፉት ጥልፍ ስንት ቤት አለ። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ያየ ሰው ባለብዙ ቀለም ሹራብ ሻርፖቹን አይረሳቸውም። የድሮ ደብተራዎች ለታመመ ሰው ቁመቱን ለክተው በብራና ላይ ጠልሰም፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉበት ሥዕል፣ ይስሉ ነበር፤ ዓይኖቹ ሕመሙን እንዲያባርሩ። ይህ በእምነት የሚሠራ ሌላ ነገር ነው፤ ከአርት ቴራፒ ጋር አልቀላቅለውም። ግን ሥዕልና መዳን በዚህ አገር እንግዳ አይደሉም። በሌሊት ተረኛ ክፍል ውስጥ ኪሮሽ ይዛ ዳንቴል የምትሠራ ነርስም ሰነፍ አይደለችም። ራሷን እያቆመች ነው። በተቆጣጣሪ ስትገሠጽ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ 39 ጎልማሶችን ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላና በተቆራረጠ ወረቀት የፈለጉትን እንዲሠሩ አደረጉ። ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ውስጥ ያለው የኮርቲሶል መጠን ተለካ። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ የሚጨምር ሆርሞን ነው። ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀነሰ። ከዚህ በፊት ሥዕል መሞከራቸውና አለመሞከራቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ ጭንቀትን ለአንድ ከሰዓት ማርገብን እንጂ በርንአውትን ማዳንን አያሳይም። "እኔ ሥዕል አልችልም" ለሚል ሰው ግን ጥሩ መልስ አለው።

አንድ ነገር መለየት አለበት። ከለር ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ መበተን አርት ቴራፒ አይደለም። አርት ቴራፒ የሠለጠነ ባለሙያ የሚመራው ሕክምና ነው። እኛ ጋ ያለው በዚህ መለኪያ ሙሉ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ስላለች ግን ልቅ አይደለም። አስፈላጊነቷን ያየነው አንዲት ወጣት ነርስ መሳል ጀምራ መቆም ሲያቅታት ነው። ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ባለሙያዋ ይዛት ወጣች፣ አብራት ተቀመጠች፣ በኋላም ወደ ሕክምና መራቻት። እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ከለር ሳይሆን የአእምሮ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ቶሎ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የጽዳት ሠራተኞቻችን ጉዳይ ነው። "ለጤና ባለሙያዎች" የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ እነሱ አይመጡም። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናት አሉ። ያ ደም የፈሰሰበትን ወለል ያጸዱት እሳቸው ናቸው። የሁላችንንም ክፉ ቀን ወለል ያጸዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ግን "እርስዎስ እንዴት ሆኑ?" ያላቸው የለም። በኋላ "ለሁሉም ሠራተኛ" ተብሎ ተለጠፈ፤ እሱም አልበቃ፣ አዋላጇ ራሷ ሄዳ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ክሬየን አልነኩም። ሸክላውን ወሰዱ። የገጠር ልጅ ነኝ አሉ፤ እናታቸው ጀበና ትሠራ ነበር። ጣቶቻቸው ሲሠሩ ሁላችንም ሥራችንን ትተን እናይ ነበር። ትንሽ ጀበና ሠሩ፣ ከዚያ መልሰው ጨፍልቀው አፈር አደረጓት። "ይበቃታል" አሉና ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ጥበቃውም ተራው ሲፈቅድለት ይመጣል፤ ሁልጊዜ የሚስለው ያደገበትን ተራራ ነው።

አንድ ባልደረባችን ግን ከመጀመሪያው አልወደደውም። "ደመወዝ ስጡን እንጂ ከለር ምን ያደርግልናል?" አለ፤ ስብሰባ ላይ፣ ጮክ ብሎ። እውነቱን ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አገር ያወቀው ነው። በወር መጨረሻ ኪራይ ከፍሎ ለልጁ ወተት የማይተርፈውን ሰው ሣር በአረንጓዴ ቀለም መቀባት አያጽናናውም። ሥዕል የሰው ኃይል እጥረትን አይሞላም፤ ጓንት አይሆንም፤ አምቡላንስ አያፋጥንም። ማንም አስተዳደር "ለሠራተኞቻችን የሥዕል ፕሮግራም አለን" ብሎ ለሪፖርት ማሳመሪያ ሊጠቀምበት ቢነሳ እቃወማለሁ።

ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገርም ታየኝ። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ ደጋግመው አንድ ነገር ይስሉ ነበር፤ ኮሪደሩን። በሰው የታጨቀ፣ በር የሌለው፣ መጨረሻው የማይታይ ኮሪደር። ባለሙያዋ በሠዓሊዎቹ ፈቃድ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደርድራ "ይሄ የማን ነው?" አለች። ከዚያ ወሬው ወደ ሥራው ሄደ። ከሞት በኋላ ተረኛው ወዲያው ወደ ሌላ አልጋ እንዳይሄድ ምን ይደረግ? ማን ይተካው? ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረብን። አሁን እናት ወይም ሕፃን ሲሞት፣ ሰው እስካለ ድረስ፣ እዚያ የነበረው ሠራተኛ ለግማሽ ሰዓት ይተካል። ቤተሰቡን የሚያነጋግረውም አስቀድሞ ይመደባል፤ ኮሪደር ላይ የተገኘ ሰው አይደለም። "ደመወዝ ስጡን" ያለው ባልደረባችን ይህን ደብዳቤ ካረቀቁት አንዱ ነው። እስካሁን ሥዕል አይስልም።

የቀረን የሌሊት ተረኞቹ ጉዳይ ነው። በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው፤ ሐሙስ 8፡30 ግን ወይ ተኝተዋል ወይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው። ጠዋት ከርክክብ በኋላ ይሁን ስንል የክትባት ክፍሉ በሕፃናት ይሞላል። የስብሰባ አዳራሹን ጠይቀናል፤ ወንበር እንጂ ጠረጴዛ የለውም። ሰዓቱ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርላቸው የሚለውም ገና አልተመለሰም። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው በራሱ የእንቅልፍ ሰዓት እንዲስል አንጠይቅም። ጥያቄው ከአዲሱ በጀት ዕቅድ ጋር ገብቷል። ጠረጴዛውን ከአሮጌ አልጋ ቆርጦ ለመሥራት የጥገናው ሰው ቃል ገብቶልናል።